ወሰን በኮድ መካከል፦ በእጅ የተጻፈውና በማሽን የመነጨው ኮድ በፓይተን ፓኬጆች ውስጥ አብረው የኖሩበት ታሪክ

በሰፊው አገልግሎት ላይ ከሚገኙ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በከፊል የተጻፉት በሌላ ፕሮግራም ነው። ይህ ሁለተኛው ፕሮግራም አመንጪ ይባላል፤ ሥራውም አንድን አጭር መግለጫ፣ ለምሳሌ የአንድን ቋንቋ ሰዋስው ወይም የፊደላትን የቁጥር ሰንጠረዥ፣ አንብቦ ሰው ቢጽፈው የሚሰለችበትንና በቀላሉ የሚሳሳትበትን ኮድ በቅጽበት ማውጣት ነው። የመነጨ ኮድ ከእጅ ሥራ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ መግለጫው በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ፋይል ይወጣል፣ የቀድሞውም ይደመሰሳል። በመሆኑም አንድ ባለሙያ የመነጨውን ፋይል ከፍቶ አንዲት መስመር ቢያቃና፣ ያቃናት መስመር በሚቀጥለው ዙር አብራ ትጠፋለች። የፓይተን ቋንቋ ሞጁል የሚላቸውን የኮድ ፋይሎች በአንድ ፎልደር ሰብስቦ በአንድ ስም የሚያስጠራውን አደረጃጀት ፓኬጅ ብሎ ይጠራዋል፤ ሁለቱ ዓይነት ኮዶች በአንድ ፓኬጅ ውስጥ ሲኖሩ ወሰናቸው የት እንደሚሰመርና በምን ምልክት እንደሚታወቅ፣ ቋንቋው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ደጋግሞ የተነሣ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ከፓይተን በዕድሜ ይበልጣል። በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪዎች ይሠሩ የነበሩት ስቲቨን ጆንሰን በ1975 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያስተዋወቁት ያክ የተባለው መሣሪያ፣ የአንድን ቋንቋ ሰዋስው ተቀብሎ ያንን ቋንቋ የሚተነትን የሲ ቋንቋ ኮድ ያወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ተንታኝ ፕሮግራም ፓርሰር ይባላል። የያክ መፍትሔ ቀጥተኛ ነበር፤ ሰው የወጣውን ፋይል ፈጽሞ አይነካም፣ የእጁን ኮድ ግን በሰዋስው መግለጫው ውስጥ በቅንፍ ከትቶ ያኖረዋል፣ አመንጪውም እንዳለ ገልብጦ በተገቢው ቦታ ያስገባዋል። በዚያው ተቋም በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን የሠሩት ሜክ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ጥያቄ መለሰ፤ የመነጨው ፋይል መቼ እንደገና መውጣት እንዳለበት የሚወስነው የሁለቱን ፋይሎች ሰዓት በማነጻጸር ሲሆን፣ መግለጫው ከውጤቱ ዘግይቶ የተለወጠ ከሆነ አመንጪውን ይጠራል። ይህ በሰዓት የመዳኘት ልማድ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ በፓይተን ቤት ውስጥ ያስከተለው ችግር በቦታው ይነገራል።

ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 መጨረሻ በአምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ፓይተንን መሥራት ሲጀምሩ፣ ለቋንቋው ከጻፏቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የራሳቸው የፓርሰር አመንጪ ነበር። ስሙም ፒጄን ይባላል። ሰዋስው የተጻፈበትን አንድ አጭር ፋይል አንብቦ ግራሚኒት የተሰኙ ሁለት የሲ ፋይሎችን ያወጣ ነበር፤ እነዚህም በቁጥር የተሞሉ፣ ለሰው ዓይን ምንም የማይነግሩ ሰንጠረዦች ናቸው። ቋንቋው በፌብሩዋሪ 1991 ለሕዝብ ከወጣ በኋላም እነዚህ ሰንጠረዦች ከእጅ ሥራው ጎን በዚያው የኮድ ማከማቻ ውስጥ ተቀምጠው ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ኖረዋል፤ አንድ ሰው የፓይተንን ምንጭ ኮድ ሲያወርድ ሰው የጻፈውንና ማሽን የጻፈውን አብሮ ይረከብ ነበር ማለት ነው።

በ1990ዎቹ የመደበኛው ላይብረሪ፣ ማለትም ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው የሞጁሎች ስብስብ፣ አካል የሆነው ኪይወርድ የተባለው ሞጁል በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ይገባዋል፤ በአንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ሁለቱን ዓይነት ኮድ ብቻ ሳይሆን አመንጪውን ራሱን ጭምር ይዞ ነበርና። ሥራው የቋንቋውን የተከለሉ ቃላት መዘርዘር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ያለበት ስፍራ ከላይና ከታች በሁለት የኮሜንት መስመሮች፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በማያነባቸው የማስታወሻ መስመሮች፣ ታጥሮ ነበር፤ አንዱ የቃላቱ መጀመሪያ፣ ሌላው የቃላቱ መጨረሻ የሚል ነው። ከአጥሩ በታች በእጅ የተጻፈ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል፣ አለ። ሞጁሉ እንደ ተራ ፕሮግራም ሲነሣ ይህ ፋንክሽን ፒጄን ያወጣውን የሲ ሰንጠረዥ ያነባል፣ የተከለሉትን ቃላት ለይቶ ያወጣል፣ ከዚያም የራሱን ፋይል ከፍቶ በሁለቱ አጥሮች መካከል ያለውን ሁሉ ደምስሶ አዲሱን ዝርዝር በቦታው ይተካል። የቀረው መስመር ሳይነካ ይቆያል። ቶክንና ሲምቦል የተባሉት ሁለት ጎረቤት ሞጁሎችም በዚሁ ሥርዓት ይተዳደሩ ነበር። አሠራሩ ብልህ ነበር፤ ድክመቱ ግን አጥሩን የሚጠብቀው በፋይሉ አናት ላይ የተጻፈ አንድ የልመና ቃል ብቻ መሆኑ ነው፣ ማንም ሰው ልመናውን ሳያነብ በመካከል ቢጽፍ የሚከለክለው ነገር አልነበረም።

በዚያው ዐሥርት ዓመት በሶፍትዌር ንድፍ ላይ ከጻፉት አራት ታዋቂ ደራስያን አንዱ የነበሩት ጆን ቭሊሲደስ፣ ጄነሬሽን ጋፕ ብለው የሰየሙትን ንድፍ በ1996 አቀረቡ። ሐሳቡ የፓይተን ሰዎች የፈጠሩት ባይሆንም በኋላ በየፓኬጁ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል። አመንጪው አንድ ክላስ፣ ማለትም የመረጃና የተግባር ማሰሪያ ንድፍ፣ ያወጣል፤ ሰው ደግሞ በሌላ ፋይል ከዚያ ክላስ የሚወርስ ሌላ ክላስ ይጽፋል፤ የተቀረው ፕሮግራም የሚያውቀው ወራሹን ብቻ ነው። አውራሹ መቶ ጊዜ ቢደመሰስና ቢወጣ ወራሹ አይነካም። በዚህ ንድፍ ወሰኑ ከፋይል ውስጥ ወጥቶ በፋይሎች መካከል ሆነ።

በአንድ የፓይተን ፓኬጅ ውስጥ የእጅ ሥራና የማሽን ሥራ ጎን ለጎን ሲኖሩ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ኢንኮዲንግስ ከተሰኘው የመደበኛው ላይብረሪ ፓኬጅ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ፓይተን ዩኒኮድን፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠውን መለኪያ፣ በ2000 በወጣው በ2.0 እትሙ ሲቀበል፣ ከዩኒኮድ በፊት በየሀገሩና በየኩባንያው ተበታትነው የነበሩትን የፊደል ቁጥር አሰጣጦች፣ ማለትም ኢንኮዲንጎች፣ ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ መተርጐሚያ አስፈለገው። ሥራውን የመሩት ማርክ-አንድሬ ሌምቡርግ እነዚህን መተርጐሚያዎች አንድ በአንድ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ፣ የዩኒኮድ ድርጅት የሚያሳትማቸውን የጽሑፍ ሰንጠረዦች አንብቦ ለእያንዳንዱ አንድ ሞጁል የሚያወጣ ጄንኮዴክ የተሰኘ አመንጪ አዘጋጁ።

የዊንዶውስ 1252 የተባለውን የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ የሚተረጉመው ሞጁል ቢከፈት፣ በአናቱ ላይ ከየትኛው የጽሑፍ ሰንጠረዥና በየትኛው አመንጪ እንደወጣ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይታያል። ከዚያ በታች ጥቂት አጫጭር ክላሶች ይከተላሉ፤ እነዚህ ከጎረቤት ሞጁል ወደ ጎረቤት ሞጁል ስንሻገር በቃል ደረጃ ተመሳሳይ ናቸው። ከእነርሱ በታች 256 መስመሮች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ፊደል፣ በቀኙም ቁጥሩንና የፊደሉን ስም የሚናገር ኮሜንት ይዟል። በአስራስድስትዮሽ አቆጣጠር 80 ከሚለው ቁጥር ፊት ለፊት የዩሮ ገንዘብ ምልክት ተቀምጧል፤ በሚቀጥለው በ81 ፊት ግን ያልተመደበ የሚል ማስታወሻ ተጽፎ ክፍት ቦታ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ቆሟል። ሰው እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ በእጁ ቢገለብጥ በሠላሳኛው መስመር ላይ ዓይኑ እንደሚያታልለው ግልጽ ነው።

በዚያው ፎልደር ውስጥ ግን ሙሉ በሙሉ በእጅ የተጻፉ ሞጁሎችም አሉ። ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተናግዱት ፑኒኮድና አይዲኤንኤ ሕግና ስሌት ያለባቸው በመሆናቸው ከሰንጠረዥ ሊመነጩ አይችሉም፤ ኤሊያስስ የተሰኘው ሞጁል ደግሞ አንዱ ኢንኮዲንግ የሚጠራባቸውን ልዩ ልዩ ስሞች የሚዘረዝር በሰው የሚጠበቅ መዝገብ ነው። ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቃቸው የፓኬጁ መግቢያ ፋይል ነው። አንድ ፕሮግራም የአንድን ኢንኮዲንግ ስም ሲጠራ መግቢያው ስሙን አስተካክሎ በመዝገቡ ይፈልገዋል፣ በዚያ ስም የሚጠራውን ሞጁል ይጭናል፣ ከዚያም ከሞጁሉ አንዲት ፋንክሽን ብቻ ይጠይቃል፤ ስለ ራስህ የምዝገባ መረጃ ስጠኝ የምትል ፋንክሽን ናት። የመነጨውም ሆነ በእጅ የተጻፈው ሞጁል ይህችን ፋንክሽን ካቀረበ እኩል ይስተናገዳል። ወሰኑ በፎልደር አልተሠራም፣ በስምም አልተለየም፤ የተሠራው በውል ነው፣ ውሉም ከአንዲት ፋንክሽን አይበልጥም።

የዚህ ውል ጥቅም የታየው በ2006 በወጣው በ2.5 እትም ዝግጅት ወቅት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የመነጩ ሞጁሎች ፊደላቱን የሚያስቀምጡት ቁልፍና ዋጋ በሚያጣምር መዝገብ ነበር፤ ይህ ዘገምተኛ ስለሆነ ፊደላቱ በተራቸው ተሰልፈው የሚቀመጡበት የጽሑፍ ሰንጠረዥ ተመረጠ። በእጅ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ በብዙ ዐሥር የሚቆጠሩ ሞጁሎችን አንድ በአንድ መለወጥ ያስፈልግ ነበር፤ እዚህ ግን አመንጪው ተሻሽሎ ሞጁሎቹ እንደገና ወጡ፣ መግቢያውና መዝገቡም በቦታቸው ቀሩ።

የዩኒኮድ ሥራ ለግዕዝ ፊደልም ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ሲሆን፣ ፓይተን 2.0 የተመሠረተው በዚሁ እትም ላይ ነበር። ሀ የተሰኘችው ፊደል በአስራስድስትዮሽ 1200 የሚል ቁጥር እንዳላት፣ ፊደል እንጂ ሥርዓተ ነጥብ እንዳልሆነች፣ ስሟም ምን እንደሆነ ፓይተን የሚያውቀው ማንም ሰው በእጁ ስለጻፈለት አይደለም፤ ፍሬድሪክ ሉንድ በ2000 የጀመሩት ሌላ አመንጪ የዩኒኮድን የመረጃ ፋይሎች አንብቦ ባወጣቸው የሲ ሰንጠረዦች አማካይነት ነው። በዲሴምበር 2008 የወጣው ፓይተን 3.0 በኮድ ውስጥ የሚገኙ መጠሪያዎች በማንኛውም ፊደል እንዲጻፉ ሲፈቅድ፣ አንድ ተማሪ ዋጋ የሚል መጠሪያ በአማርኛ ጽፎ ፕሮግራሙ እንዲሠራለት ያስቻለው ይኸው የመነጨ ሰንጠረዥ የሚያቀርበው ዳኝነት ነበር።

ኢንኮዲንግስ የመረጠው መንገድ ለሁሉም አልሆነም፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለቱን ማኖር የሚሻ ሥራ አሁንም ነበር። ኔድ ባቸልደር በ2004 ይፋ ያደረጉት ኮግ የተባለው መሣሪያ ከኪይወርድ ጋር የሚመሳሰል የአጥር ሐሳብ ለማንኛውም ዓይነት ፋይል አዋለ፤ አመንጪው ራሱ በፓይተን ተጽፎ በኮሜንት ውስጥ ይቀመጣል፣ ውጤቱ ከሥሩ ይጻፋል፣ መጨረሻውም በምልክት ይዘጋል። አንባቢው መግለጫውንና ውጤቱን በአንድ ገጽ ያያል። ቆይቶ የተጨመረው አማራጭ ደግሞ ዋና ነገር ነው፤ መሣሪያው ያወጣውን ጽሑፍ አሻራ፣ ማለትም ከጽሑፉ ተሰልቶ የሚገኝ አጭር ቁጥር፣ በመዝጊያው መስመር ላይ ይመዘግባል፣ በሚቀጥለው ዙር አሻራው ካልገጠመ ሰው ነክቶታል ብሎ ሥራውን ያቆማል። ልመናው በመቆለፊያ ተተካ።

በ2008 ጁላይ ጉግል ለዓመታት በውስጥ ሲገለገልበት የቆየውን ፕሮቶኮል በፈርስ ለሕዝብ ለቀቀ። ይህ መሣሪያ ሁለት ፕሮግራሞች የሚለዋወጡትን መልእክት ቅርጽ በአጭር መግለጫ ተቀብሎ ለልዩ ልዩ ቋንቋዎች ኮድ ያወጣል፤ ለፓይተን የሚያወጣቸው ሞጁሎች ስማቸው ፒቢ2 በሚል ቅጥያ ያበቃል። ቅጥያው በራሱ የወሰን ምልክት ሆኖ አገለገለ፤ ማንም የፓይተን ባለሙያ ይህን ቅጥያ ሲያይ ፋይሉን መክፈት እንደሌለበት ያውቃል። የቭሊሲደስ ንድፍ ግን እዚህ ተከለከለ፤ የመሣሪያው ሰነድ ከመነጩት ክላሶች መውረስን አጥብቆ ይከለክላል፣ በምትኩ የመነጨውን ዕቃ በውስጡ የሚይዝ ሌላ ክላስ በእጅ እንዲጻፍ ይመክራል።

ከፕሮቶኮል በፈርስ ጋር የመጣው እውነተኛ ችግር ግን ሌላ ነበር፣ ብዙ ቡድኖችንም ለዓመታት አድክሟል። አንድ የንግድ ድርጅት ሱቅ የተባለ ፓኬጅ አለው እንበል፤ በውስጡም ትዕዛዝና ደንበኛ የተባሉ ሁለት የመልእክት መግለጫዎች አሉ፣ ትዕዛዝ ደንበኛን ይጠቅሳል። አመንጪው ለትዕዛዝ ያወጣው ሞጁል ደንበኛን ሲጠራ መግለጫዎቹ ካሉበት ሥር ፎልደር ጀምሮ በሚቆጠር ስም ነው፤ መግለጫዎቹ በሥሩ ላይ ከሆኑ ደንበኛ ፒቢ2 ብሎ ብቻ ይጠራዋል። የቀድሞው ፓይተን 2 እንዲህ ያለውን አጭር ስም ሲያገኝ አስቀድሞ በዚያው ፎልደር ውስጥ ይፈልግ ስለነበር ነገሩ ይሠራ ነበር። ፓይተን 3 ግን ይህን በጎረቤት የመፈለግ ልማድ አስወገደ፤ አጭር ስም ከዋናው የመፈለጊያ መንገድ ብቻ ይፈለጋል፣ ጎረቤትን ለመጥራት በስሙ ፊት ነጥብ ማስቀመጥ ግዴታ ሆነ። አመንጪው ነጥቡን አያስቀምጥም። በመሆኑም የወጡትን ሞጁሎች በሱቅ ፓኬጅ ውስጥ ያስቀመጠ ባለሙያ ገና ሲነሣ ሞጁሉ አልተገኘም የሚል ስሕተት ይገጥመዋል። አንዳንዱ ከአመንጪው በኋላ የሚሮጥ ጽሑፍ ፈልጎ የሚተካ ትእዛዝ ጨመረ፤ አንዳንዱ የመነጨውን ፎልደር በመፈለጊያ መንገድ ላይ አስገባ፣ ይህም የሌላ ፓኬጅ ተመሳሳይ ስም ሲገኝ ግጭት ይወልዳል። የሚሻለው መንገድ የመግለጫዎቹን ፎልደር አቀማመጥ አስቀድሞ ከፓኬጁ አቀማመጥ ጋር ማመሳሰል ነበር፤ መግለጫው ሱቅ በተባለ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ አመንጪው ሱቅ ነጥብ ብሎ በሙሉ ስም ይጠራል፣ ምንም መጠገን አያስፈልግም። የመነጨ ኮድ የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው ከመመንጨቱ በፊት እንደሆነ ብዙዎች የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ መካከል የፓይተን የራሱ ቤት ሌላ ፈተና ገጥሞት ነበር። ከ2006ቱ 2.5 እትም ጀምሮ የቋንቋውን የውስጥ ዛፍ የሚገልጽ የሲ ፋይል የሚያወጣው አመንጪ በፓይተን የተጻፈ በመሆኑ፣ ፓይተንን ለመገንባት አስቀድሞ ፓይተን ያስፈልጋል የሚል ዙሪያ ጥምጥም ተፈጠረ። መፍትሔው የወጣውን ፋይል በማከማቻው ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ይሁንና የኮድ ማከማቻው በ2011 ወደ ሜርኩሪያል ከተዛወረ በኋላ፣ ይህ መሣሪያ የፋይሎችን ሰዓት ስለማያስቀምጥ፣ ምንጭ ኮዱን ያወረደ ሰው ፋይሎቹን የሚያገኘው በድንገተኛ የሰዓት ቅደም ተከተል ነው። መግለጫው ከውጤቱ በጥቂት ቅጽበት ዘግይቶ በዲስኩ ላይ ከተጻፈ፣ በሰዓት የሚዳኘው ሜክ ውጤቱ አርጅቷል ብሎ አመንጪውን ይጠራል፤ ፓይተን በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ግንባታው በዚያው ይቆማል። ለጊዜው የፋይሎቹን ሰዓት የሚያድስ የተለየ ትእዛዝ ተጨመረ። ዘላቂው መፍትሔ የመጣው በ2017 ማከማቻው ወደ ጊት ከተሻገረ በኋላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተራው ግንባታ የመነጩ ፋይሎችን አይነካም፣ እንደገና ማውጣት የሚፈልግ ባለሙያ ሁሉንም አድስ የሚለውን ትእዛዝ ራሱ ይጠራል። ሰዓት ከዳኝነት ወረደ፣ ውሳኔውም ወደ ሰው ተመለሰ።

በ2014 የወጣው ፓይተን 3.4 የላሪ ሄስቲንግስን አርጉመንት ክሊኒክ ይዞ መጣ። ይህ አመንጪ በሲ የተጻፉ የፓይተን ፋንክሽኖች ግብዓታቸውን የሚቀበሉበትን አሰልቺ ኮድ የሚያወጣ ሲሆን፣ የኮግን መንገድ ተከትሎ መግለጫውን በኮሜንት ውስጥ፣ ውጤቱን ከሥሩ አስቀመጠ፣ የግብዓቱንና የውጤቱንም አሻራ መዘገበ። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ባሉት ፋይል ውስጥ የማሽን ኮድ በየመሐሉ ሲገባ የእጅ ሥራው ለአንባቢ ጠፋበት። ቆየት ብሎ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ክሊኒክ ወደተባለ ንዑስ ፎልደር ተዛወረ፣ በእጅ በተጻፈው ፋይል ውስጥ የቀረው መግለጫውና አሻራው ናቸው። ወሰኑ ከመስመር ወደ ፋይል፣ ከፋይል ወደ ፎልደር መሻገሩ በዚህ አንድ መሣሪያ ዕድሜ ውስጥ ይታያል።

አማዞን የደመና አገልግሎቶቹ ከፓይተን እንዲጠሩበት በ2015 በይፋ የለቀቀው ቦቶ3 የተባለው ፓኬጅ ጥያቄውን ከሥሩ ለማስቀረት ሞከረ። ከሥሩ ያለው ቦቶኮር የተባለው ፓኬጅ የመነጨ ኮድ የለውም፤ የእያንዳንዱን አገልግሎት መግለጫ ጄሰን በተባለው የጽሑፍ ቅርጽ በዳታ ፎልደር ውስጥ፣ በአገልግሎት ስምና በቀን ከፋፍሎ ያስቀምጣል፣ ክላሶቹንም ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ሰዓት በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይፈጥራቸዋል። በፋይል ያልተጻፈ ኮድ ሊበላሽ አይችልም። የተከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም፤ ኮዱ በዲስክ ላይ ስለሌለ የባለሙያው የጽሑፍ መሣሪያ የትኛው ክላስ ምን ተግባር እንዳለው ሊነግረው አይችልም፣ በኋላም ይህን ክፍተት የሚሞሉ የዓይነት መግለጫ ፋይሎችን የሚያወጡ አመንጪዎች ከውጭ ተሠሩለት።

ማይክሮሶፍት በ2019 መጨረሻ በ12ኛው እትም ያወጣው የአዙር ብሎብ ማከማቻ ፓኬጅ በተቃራኒው ወሰኑን በግልጽ አሳየው። አመንጪው ያወጣው ሁሉ ጄኔሬትድ በተባለ፣ በስሙ ፊት የሥር ሰረዝ ባለበት አንድ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ተቀመጠ፤ በፓይተን ልማድ በሥር ሰረዝ የሚጀምር ስም የቤት ውስጥ ነው፣ ውጭ ያለ ሰው አይጠራውም። ተጠቃሚው የሚያገኛቸው ክላሶች በእጅ የተጻፉ ናቸው፣ ሥራቸውን ግን ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ። ሙሉ በሙሉ ለሚመነጩት ሌሎች የአዙር ፓኬጆች ደግሞ ፓች የተባለ ፋይል ተፈጠረላቸው፤ አመንጪው ፋይሉ ከሌለ ባዶውን ያስቀምጣል፣ ካለ ግን አይነካውም። የመነጨው መግቢያ ፋይል በመጨረሻው ላይ ከዚህ ፋይል የሚወጡትን ስሞች ያስገባል፣ በመሆኑም በፓች ውስጥ የመነጨው ክላስ ስም ያለው ወራሽ ከተጻፈ ተጠቃሚው የሚያገኘው ወራሹን ነው። የቭሊሲደስ ንድፍ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በፓይተን ልብስ ተመለሰ።

ጉግልም ፐብ ሰብ የተሰኘውን የመልእክት ማስተላለፊያ አገልግሎቱን የደንበኛ ፓኬጅ በ2020 በ2.0 እትም ሲያድስ የመነጨውን ከእጅ ሥራው ለየ። ቀድሞ ሁለቱ በአንድ ፎልደር ሥር ሆነው የመነጨው በንዑስ ፎልደር ይቀመጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመነጨው በሌላ የፓኬጅ ስም ሥር ሲቀመጥ፣ መልእክቶችን እያሰባሰበ የሚልከውና የተቀባዩን ፍሰት የሚቆጣጠረው የእጅ ኮድ የቀድሞውን ስም ይዞ ቀረ። ከአመንጪው በኋላ የሚሮጥ፣ በወጣው ኮድ ላይ ጽሑፍ እየፈለገ የሚተካ ስክሪፕት ግን አልቀረም። ይህ በመሠረቱ አደገኛ አሠራር ነው፤ የአመንጪው ቃል ትንሽ ቢለወጥ ፍለጋው ምንም ሳያገኝ ያልፋልና። ስክሪፕቱን የጻፉት ሰዎች አደጋውን ያወቁት ይመስላል፣ የተተካውን ብዛት እየቆጠሩ ከሚጠበቀው ካነሰ ሥራው በስሕተት እንዲቆም አድርገዋል።

በሜይ 2022 የፕሮቶኮል በፈርስ የፓይተን ላይብረሪ 4.21 እትም ሲወጣ፣ የመነጨ ኮድን በፓኬጅ ውስጥ አስቀምጦ መርሳት ምን እንደሚያስከትል በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ታየ። ከ3.19 በፊት በነበሩ አመንጪዎች የወጡ ሞጁሎች ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር አልተስማሙም፤ የፓኬጁን ኮድ ማንም ሳይነካ፣ ላይብረሪው በራሱ ስለታደሰ ብቻ፣ ፕሮግራሞች ገና ሲነሡ መውደቅ ጀመሩ። የስሕተት መልእክቱ ምክንያቱንና መፍትሔውን ይናገር ነበር፤ ኮዱ እንደገና ይውጣ፣ ካልሆነም ላይብረሪው በ3.20 ይገደብ የሚል። ብዙ ፓኬጆች ግን ያንን ኮድ ያወጣው የአመንጪ እትም የትኛው እንደነበር የሚነግር መዝገብ አልነበራቸውም፣ በአንዳንዶቹም መግለጫዎቹ በሌላ ማከማቻ ቀርተው ውጤቱ ብቻ ነበር የተቀመጠው። እንዲህ ባለ ፓኬጅ ውስጥ የመነጨ ኮድ የእጅ ሥራም የማሽን ሥራም መሆኑ ይቀራል፤ ሰው አያስተካክለውም፣ ማሽንም ሊያድሰው አይችልም።

የፓይተን የራሱ ማከማቻ በእነዚሁ ዓመታት ወደ ግልጽነት አመራ። የኪይወርድ ሞጁል በ2019 በወጣው በ3.8 እትም ራሱን መጻፍ አቆመ፤ ፋይሉ በሙሉ በውጭ አመንጪ ይወጣል፣ በእጅ የተጻፈችው ጥቂት ኮድም በአመንጪው ውስጥ እንደ አብነት ተቀመጠች። 30 ዓመት ያህል ያገለገለው የሰዋስው አሠራር በ2020 በ3.9 እትም በአዲስ ፓርሰር ተተካ፤ የሥራው ባለቤቶች ቫን ሮሰም፣ ፓብሎ ጋሊንዶና ሊሳንድሮስ ኒኮላው ናቸው። በማከማቻው ሥር ያለው የባሕርይ መዝገብ የመነጩትን ፋይሎች ስም ይዘረዝራል፣ ይህም ለውጥ በሚመረመርበት ጊዜ የማሽን መስመሮች ተጠቅልለው እንዲቀመጡና የመርማሪው ዓይን በእጅ ሥራው ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። በ2023 በወጣው በ3.12 እትም ደግሞ የኢንተርፕሪተሩ፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ልብ የሆነው የትእዛዞች አፈጻጸም ከአንድ መግለጫ መመንጨት ጀመረ።

ከዚህ የመጨረሻው ለውጥ ጋር ኦፕኮድ የተባለው የመደበኛው ላይብረሪ ሞጁል ተለወጠ። ለዓመታት በሰው እጅ የተጻፈ ዝርዝር ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድን ውስጣዊ ትእዛዝ ስምና ቁጥር ይዞ፣ ለምሳሌ ከቁልሉ አናት ጣል የሚለው ትእዛዝ ቁጥር 1 ሆኖ፣ አዲስ ትእዛዝ የሚጨምር ሰው ባዶ ቁጥር ፈልጎ ይጽፍ ነበር። በኦክቶበር 2024 በወጣው በ3.13 ይህ ዝርዝር ወጥቶ ኦፕኮድ ሜታዳታ ወደተባለ፣ በሥር ሰረዝ ወደሚጀምርና በአናቱ ላይ ከየትኛው መግለጫ እንደወጣ ወደሚናገር የመነጨ ሞጁል ተሻገረ፤ ቁጥሮቹንም የሚመድበው አመንጪው ሆነ። የቀድሞው ኦፕኮድ በስሙና በቦታው ቆይቷል፤ በእጅ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች አሉት፣ ከመነጨው ጎረቤቱ የሚያስፈልጉትን ስሞች አስገብቶ ለተጠቃሚው ያቀርባል፣ ኦፕኮድን በስሙ እየጠሩ የኖሩ ፕሮግራሞችም ዛሬም የሚጠሩት በዚያው ስም ነው።